ከኮምቦልቻ ተነስቶ ከውሻ ጋር ጦሳን መውጣት

ከሁሉ የሚከብደው ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ሳይሆን ሚኒባሱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ውሻ የያዘ ሰው ቶሎ አይጫንም። እኔ ሰው ሳይበዛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ እደርሳለሁ። ረዳቱን አስቀድሜ አናግራለሁ። ከኋላ ወንበር የሁለት ሰው እከፍልና ከሥር ማዳበሪያ አነጥፋለሁ። አጠገቤ ለሶላት ልብሱን የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ የውሻዬ ምራቅ እንዳይነካው ቡቺን ወደ መስኮቱ አዞረዋለሁ። ሰው ሲከበር «አብሽሪ» ብሎ ቦታ ይለቃል።

ከጉዞ በፊት ቁርስ አታብሉት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወጣ ቡቺ አንዴ ቀሚሴ ላይ አስመልሶብኛል።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጦሳ ከዚያም በላይ ነው። የቆላ ውሻ ቶሎ ያለከልካል። በየሃያ ደቂቃው አረፍ በሉና ውሃ በጣሳ ስጡት።

በጎች ስታዩ ገመዱን አሳጥሩ። እረኛውን ቀድማችሁ ሰላም በሉት፤ ውሾቹን የሚመልስላችሁ እሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልተከተበ ውሻ ግን በፍጹም ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ስንወርድ መዳፉን በጣቶቹ መሀል እየገለጥኩ አያለሁ። ባለፈው እግሩን ሲልስ አይቼ ስፈልግ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል የግራር እሾህ አገኘሁ። ወረንጦ ያዙ።

ጅብ ሳይወጣ፣ 10 ሰዓት ላይ ከተማ ግቡ።