የጠፈር መርከብ ሞዴል ላይ መብራት ስታስገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሞዴል፣ ማለትም ከፕላስቲክ ክፍሎች የሚገጣጠም ትንሽ አምሳያ፣ መግጠም የጀመረ ሰው አንድ ቀን መብራት ያምረዋል፤ አይቀርም። በተለይ ሞዴሉ የጠፈር መርከብ ከሆነ። ታንክ ያለ መብራትም ያምራል። መስኮቶቿ የጨለሙ የጠፈር መርከብ ግን የሆነ ነገር የጎደላት ትመስላለች። ችግሩ ብዙ ሰው መጀመሪያ ይገጥማል፣ ይቀባል፣ ከዚያ በኋላ "እስቲ ሁለት ኤልኢዲ ልክተትባት" ይላል (ኤልኢዲ ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ መብራት ናት)። ከታች ከማወራቸው ስህተቶች ግማሽ ያህሉ የሚመጡት ከዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ምሳሌ የማደርገው ስታር ትሬክ የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ያለችውን የጠፈር መርከብ፣ ኢንተርፕራይዝን ነው፤ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ እሷን ነው የሚገዛው። መርከቧ 289 ሜትር ትረዝማለች ይባላል፤ ስለዚህ በ1/1000 ሚዛን 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ1/350 ደግሞ 82 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ትንሿ ርካሽ ናት፣ ጀማሪም ወደሷ ይሮጣል። ግን ሁለቱን ሞተሮች የሚሸከሙት ክንዶች ትንሿ ላይ በጣም ቀጭን ናቸው፣ ሽቦ ማሳለፍ መከራ ነው። ለመብራት ትልቋ ትቀላለች። ኪሳችሁ ከቻለ ማለቴ ነው።

ሽቦው በየት እንደሚወጣ ሳያስቡ መጀመር

ለቴሌቪዥን ቀረጻ በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራው ትልቁ የኢንተርፕራይዝ ሞዴል ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ነው፣ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ንብረት ሆኗል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ታውቁት ይሆናል። መጀመሪያ ሲሠራ መብራት አልነበረውም፣ የተጨመረለት በኋላ ነው። ሽቦው ታዲያ በግራ ጎኑ እንዲወጣ ተደረገ፣ በዚህም የተነሳ ግራ ጎኑ እንደ ቀኙ ተሟልቶ አልተሠራም። ካሜራው በቀኝ በኩል ይቀርጻል፣ ነገሩ አለቀ።

እናንተ ግን ካሜራ የላችሁም። እንግዳ ቤት ይመጣል፣ ሞዴሏን ዙሪያዋን ያያታል፣ ልጅ ካለው ደግሞ ያነሳታል። ስለዚህ ክፍሎቹን ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ከመቁረጣችሁ በፊት መመሪያው ላይ በእስክሪብቶ ሽቦው የሚሄድበትን መንገድ ሥሩ። ከሞተሮቹ በክንዶቹ ወደ ሆድዕቃዋ፣ ከላይ ካለው ሳህን መሰል ክፍል በአንገቷ በኩል ወደዚያው፣ ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ በማቆሚያው ቱቦ ወደ ታች። ማቆሚያው ክፍት የናስ ቱቦ ቢሆን ደስ ይላል። ክንዱ ውስጥ ሽቦ የሚያልፍበት ቦታ ከሌለ ሁለቱ ግማሾች ከመጣበቃቸው በፊት በቢላ ጫፍ ቦይ ቅደዱለት። ከተጣበቀ በኋላ አይሆንም። ሽቦውም እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በቫርኒሽ የተሸፈነው የሞተር ጥቅልል ሽቦ ቢሆን ይመረጣል፤ ጫፉን ግን ቫርኒሹን ፋቁት፣ አለበለዚያ ሶልደሩ (የሽቦ ብየዳው) አይዝም።

ፕላስቲኩ ብርሃን አያሳልፍም ብሎ ማሰብ

ያሳልፋል። ያውም እንዴት! ነጭና ቀላል ግራጫ ፕላስቲክ ውስጥ አንድ ኤልኢዲ አብሩና መብራቱን አጥፍታችሁ እዩት፤ መስኮቱ ብቻ ሳይሆን ግድግዳው በሙሉ እንደ ፋኖስ ይበራል። ከውጭ የምትቀቡት ቀለም ይሸፍነዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ስስ ቀለም ምንም አያግድም።

መፍትሔው ከውስጥ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት የውስጡን ገጽ ጥቁር ቀቡ፣ ሁለት ሦስት ስስ ቅብ፣ ከዚያ በላዩ ነጭ ወይም ብርማ። ጥቁሩ ብርሃኑን ያግዳል፣ ነጩ ደግሞ ውስጥ ውስጡን እያንጸባረቀ ለመስኮቶቹ ያካፍለዋል። ነጩን ብቻ የሚቀቡ አሉ፣ ጥቁሩን ብቻም የሚቀቡ አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ያፈስባቸዋል፣ ሁለተኞቹ ደግሞ ሁለት እጥፍ ኤልኢዲ ይፈልጋሉ።

እዚህ ጋ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ማጣበቂያ የሚነካቸውን ጠርዞች ቀለም አታስነኩ፣ ከነካም ፋቁት። የሞዴል ማጣበቂያ የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ እርስ በርሱ በማዋሃድ ነው፤ መሃል ላይ ቀለም ካለ የሚጣበቀው ቀለሙ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይላቀቃል። ሁለተኛ፣ የሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያ መስመር ዋናው ማፍሰሻ ነው። ከተጣበቀ በኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብርታችሁ ቀጭን የብርሃን ክር ካያችሁ ስቱኮ ሙሉበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ እንደገና ጨለማ ውስጥ ግቡ። ሦስተኛ፣ በቀለም ፋንታ የወጥ ቤት ፎይል የሚለጥፉ ሰዎች አሉ። ብርሃን በማገድ ፎይልን የሚያህለው የለም፣ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተላጠ ሽቦ ከነካው ሾርት ነው፣ ያውም የተዘጋች መርከብ ውስጥ። ፎይል ከተጠቀማችሁ እያንዳንዱን የሶልደር ጫፍ በናስትሮ ሸፍኑ።

ሬዚስተር መርሳት፣ ወይም አንዱን ለሁሉም ማድረግ

ኤልኢዲ አምፖል አይደለም። ያገኘውን ያህል ከረንት ልጠጣ ይላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። የሚገድበው ሬዚስተር ያስፈልገዋል። ሂሳቡ የአምስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው፤ ከባትሪው ቮልት የኤልኢዲውን ቮልት ቀንሱ፣ በከረንቱ አካፍሉ። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል፣ ነጭና ሰማያዊ 3 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ተራ ኤልኢዲ የሚችለው 20 ሚሊ አምፒር ነው። ስለዚህ በ9 ቮልት አንድ ነጭ ኤልኢዲ ለማብራት 9 ሲቀነስ 3፣ ለ0.02 ሲካፈል፣ 300 ኦም። ሱቅ ላይ የምታገኙት ቅርቡ 330 ነው፣ ይበቃል። በ12 ቮልት ከሆነ 450 ይወጣል፣ 470 ውሰዱ። በ12 ቮልት ሦስት ነጭ በተከታታይ ካሰራችሁ ደግሞ ለሦስቱም አንድ 150 ኦም ይበቃል።

የተለመደው ቅሽምና ቀይና ነጭ ኤልኢዲ ጎን ለጎን አስሮ አንድ ሬዚስተር መስጠት ነው። ቀዩ ዝቅተኛ ቮልት ስለሚፈልግ ከረንቱን ጠቅልሎ ይወስደዋል፣ ነጩ ጨልሞ ይቀራል። ከዚያ "ኤልኢዲው ተበላሽቷል" ተብሎ ይጣላል። ምንም አልሆነም። ጎን ለጎን ከታሰሩ ለእያንዳንዱ የራሱ ሬዚስተር ስጡት። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ መሆኑንም አትርሱ፣ እግሮቹን ከቆረጣችሁ ደግሞ ከሥሩ ጠፍጠፍ ያለው ጎን ኔጋቲቭ ነው።

12 ቮልት የሚለው ተለጣፊ የኤልኢዲ ጥቅልል ሬዚስተሩ አብሮት አለ፤ ምልክቱ ላይ እየቆረጣችሁ መጠቀም ነው። ብዙውን ጊዜ በሦስት በሦስት ነው የሚቆረጠው። የቤት ኤልኢዲ አምፖል ፈታታችሁ የውስጡን ከነሰሌዳው መርከብ ውስጥ ማስገባት ግን የማይታሰብ ነው። ያ የሚሠራው በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር ተገናኝቶ ነው፣ የብዙዎቹ ሰሌዳ ሲነካ ይይዛል። ሞዴል ውስጥ ከ12 ቮልት በላይ የሚገባበት ምክንያት የለም።

በ9 ቮልት ባትሪ መተማመን

አራት ማዕዘኗ ባትሪ ለሙከራ ግሩም ናት። ለሥራ ግን አትሆንም። አልካላይኗ 500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ትይዛለች፤ 20 ኤልኢዲ ለየብቻቸው በ20 ሚሊ አምፒር ብታበሩ 400 ይወስዳሉ፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳትዘል ትደክማለች። እሷንም መርከቧ ሆድ ውስጥ አጣብቀው የሚዘጉ አሉ! በቃ አዳፕተር ተጠቀሙ፣ ወይም የስልክ ቻርጀር። ቻርጀሩ 5 ቮልት ነው፣ ለነጭ ኤልኢዲ 100 ኦም ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክም ይሠራል፣ ግን ብዙ ፓወር ባንኮች የሚወሰደው ከረንት ካነሰባቸው ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሞዴሏ በደቂቃ ውስጥ ከጨለመችባችሁ ሽቦ ከመፍታታችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

ማብዛት

የኔ ትልቁ ቅሬታ እዚህ ጋ ነው። ሰው ከደከመ በኋላ ድካሙ እንዲታይለት ስለሚፈልግ ሁሉንም መስኮት፣ ሁሉንም በሙሉ ድምቀት ያበራል። መርከቧ የሰርግ አዳራሽ ትሆናለች።

289 ሜትር በሚረዝም መርከብ ውስጥ ተኝቶ ያለ ሰው አለ፣ ባዶ ክፍል አለ። ከመስኮቶቹ ሲሶ ያህሉን ጨለማ ተዉአቸው፤ ከውስጥ በኩል ጠብታ ጥቁር ቀለም በስቴኪኒ ጫፍ ማድረግ ነው። ድምቀቱንም ቀንሱ። በ9 ቮልት ከ330 ይልቅ 1000 ኦም ብታደርጉ ከረንቱ ወደ 6 ሚሊ አምፒር ይወርዳል፣ ለዓይን ግን አሁንም ደህና አድርጎ ያበራል። ነጩም ዓይነት አለው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቀዝቃዛ ነጭ የሆስፒታል ኮሪደር ያስመስላል፤ ለድሮዎቹ መርከቦች ወደ ቢጫ የሚያደላው ነጭ ነው የሚሄደው፣ በዘመኑ የነበረው ፈትል ያለው አምፖል ነውና። የሙዚየሙ ሞዴል በ2016 እ.ኤ.አ. ሲታደስ ኤልኢዲ ነው የገባለት፣ ግን የድሮውን መልክ እንዲይዝ ተደርጎ።

ኤልኢዲውን ቀጥታ ወደ መስኮት ማዞርም ስህተት ነው። አንዱ መስኮት ዓይን ይወጋል፣ ጎረቤቱ ይደበዝዛል። ወደ ነጩ ግድግዳ አዙሩትና በነጸብራቅ ይብራ፣ ወይም የኤልኢዲውን አናት በብርጭቆ ወረቀት አደብዝዙት። ብልጭ ድርግም የሚለውንም በልኩ አድርጉት። እንደ አውሮፕላንና እንደ ባሕር መርከብ ግራው ቀይ፣ ቀኙ አረንጓዴ ነው። ይህን አገላብጦ የሚሠራ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም፣ ግራ የሚባለው መርከቧ ውስጥ ወደ ፊት ዞሮ ለቆመ ሰው ግራ የሆነው መሆኑ ስለሚረሳ።

ፋይበር ኦፕቲክን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ

ኤልኢዲ ለማይገባባቸው ጥቃቅን መብራቶች የፕላስቲክ ፋይበር (ብርሃን ከጫፍ ጫፍ የሚያስተላልፍ ክር) ይሻላል፣ 0.5 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። ሱፐር ግሉ ግን ያደርቀውና ትንሽ ጎንበስ ሲል ቀጭ ይላል። ነጩን የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ። ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ታገሱ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በእጅ በምትሽከረከረዋ ቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳውን ከውጭ ብሱ። ፋይበሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍታችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲወጣ ተዉት። ከውስጥ በኩል ኮላ አድርጉ። የውስጡን ጫፎች በአንድ ላይ አስራችሁ ከአንድ ኤልኢዲ ፊት አቁሟቸው። አሁን መርከቧን ከነተንጨፈረረ ፋይበሯ ቀቡ፤ አስቀያሚ ጃርት ትሆናለች፣ አትደንግጡ። ቀለሙ ሲደርቅ የወጣውን በአዲስ ስለት ከገጹ እኩል ቁረጡት። ቀለም ያልነካው ጫፍ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ አንድም መስኮት መሸፈን ሳያስፈልጋችሁ። ቀለሙ ካለቀ በኋላ ፋይበር የሚያስገባ ሰው ግን በየቀዳዳው ዙሪያ ቀለም እየቧጨረ፣ ኮላ እየቀባ ያመሻል።

ሱፐር ግሉ ካነሳን አይቀር፣ መስታወት መሰል ክፍሎች አጠገብም አታድርሱት። ሲደርቅ የሚያወጣው ጭስ ነጭ ጉም ያለብሳቸዋል።

ሞዴሏ ውስጥ ሶልደር ማድረግ

የኪቱ ፕላስቲክ 100 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የሶልደር ማድረጊያው ጫፍ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ውጭ፣ ጠረጴዛ ላይ ጨርሳችሁ አስገቡ። ውስጥ መሥራት ግድ ከሆነ በሶኬት የሚገናኝ ሽቦ ይሻላል። ቱቦ መሰሏን የሽቦ መሸፈኛ በላይተር የምታጨማትሩም፣ ከሞዴሏ ራቅ በሉ።

መሠረታዊውን መዝለል

መብራት መብራት ሲባል ተራው ሥራ ይረሳል። ክፍሎቹን በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፣ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ካለባቸው ቀለም አይዝም። ዲካል (ተለጣፊ ጽሑፍና ምልክት) ከመለጠፋችሁ በፊት የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ንፉ፤ ደብዛዛ ቀለም ላይ ከለጠፋችሁት ሥሩ አየር ይይዝና ብርማ ሆኖ ይታያል። ቆሻሻና ዝገት ማስመሰል የምትወዱ፣ ኢንተርፕራይዝ ንጹሕ መርከብ ናት፣ እሷን ተዉአት።

ሳይፈትሹ መዝጋት

የመጨረሻውን መጋጠሚያ ከማጣበቃችሁ በፊት በፕላስተር ብቻ ያዙት፣ አብሩና ለሰዓታት ተዉት። የላላ ሶልደር ወዲያው አይታወቅም፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ነው የሚላቀቀው። ነካ ነካ አድርጓት፣ አዘንብሏት፣ አንዱ መስኮት ብልጭ ካለ እዚያ ጋ ችግር አለ። ቴስተር ካላችሁ አጠቃላይ ከረንቱን ለኩና ከሂሳባችሁ ጋር አስተያዩት፤ በጣም ከበለጠ የሆነ ቦታ ሾርት አለ።

የሚቻል ከሆነ አንዱን ክፍል ጨርሶ አታጣብቁት፣ ከውስጥ በትንንሽ ማግኔት ይያዝ። ትልቋ ላይ ለዚህ ቦታ አይጠፋም። ሽቦውንም ማቆሚያው ሥር በሶኬት ቁረጡት፣ ቤት ስትቀይሩ መርከቧ ከማቆሚያዋ ትለያለችና። ፖዘቲቩ የትኛው እንደሆነ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ሬዚስተሩ ስንት ኦም እንደሆነና በስንት ቮልት እንደሚሠራም ማቆሚያው ሆድ ላይ በማርከር ጻፉት።