የግንበኝነት ማሠልጠኛ ሲመርጡ

ከመመዝገብዎ በፊት በሥልጠና ሰዓት ወደ ወርክሾፑ ገብተው ሠልጣኞቹ በእጃቸው ምን እንደያዙ ይመልከቱ፤ ደብተር ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለጉ ይሻላል። ግድግዳን በቱንቢና በውሃ ልክ ቀጥ አድርጎ ማቆም የሚለመደው ደጋግሞ በመገንባት፣ በማፍረስና እንደገና በመገንባት ስለሆነ፣ አንድ አሠልጣኝ ስንት ሰው እንደሚከታተልና ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ በቂ ጡብ ወይም ብሎኬት ይደርሰው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ለልምምድ የሚሠራው ግድግዳ ሲሚንቶ በሌለው የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ቢያያዝ ቶሎ ስለማይጠነክር ጡቡ ተጠርጎ ደግሞ ያገለግላል፤ ይህን የሚያደርግ ተቋም ልምምድን አይቆጥብም። ሥርዓተ ትምህርቱ የማዕዘን አያያዝንና ንድፍ ማንበብን ማካተቱን፣ የምስክር ወረቀቱም ሊሠሩ በሚያስቡበት አገር ዕውቅና ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ስለ ክፍያው ደግሞ መሣሪያና የደኅንነት ጫማ ይጨምር እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል።