ክሩ ከመበጠሱ በፊት፦ እንዝርት ስንማር የምንሠራቸው ስህተቶች

እናቴ ቀጭን ፈታይ ነበረች። እኔ ግን እንዝርት የጨበጥኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ፣ እሷም ካረፈች በኋላ ነው። ያስተማሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና በሚፈላበት አንድ ግቢ እንሰበሰባለን። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲፈትሉ የኖሩት ሁለት እናቶች ብቻ ናቸው፤ የቀረነው ፍቅሩ ዘግይቶ ያደረብን ነን። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚሳሳተው እኛ በተሳሳትንበት ቦታ ነው። በጽሑፍ ላስቀምጠው ያልኩት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው በጥጡ ላይ መቸኮል ነው። የጀማሪ ዓይን እንዝርቱ ላይ ነው፤ ሲሾር ማየት ደስ ይላል። የክሩ ዕጣ የሚወሰነው ግን እንዝርቱ ከመነሣቱ በፊት ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ልል ተደርጎ ሲጠቀለል አመልማሎ ይባላል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ከገበያ የገዛሁትን ጥጥ እንደ ታጨቀ ጠቅልዬ ነበር የጀመርኩት። ክሩ በየክንዱ ይበጠሳል። ጥፋቱን በእጄ ላይ አሳበብኩ። ከእናቶቹ አንዷ ግን እጄን አላዩም፤ ከአመልማሎዬ ቆንጥረው ወደ ፀሐይ አነሡት። በነጩ መካከል የተሰበረ የፍሬ ቅርፊት እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ አጠገቡ ሰሊጥ የሚያክል የጠነከረ ቋጠሮ አለ። «ልጄ፣ የሚበጥስሽ ይኸው እዚህ ተቀምጦልሻል» አሉኝ። የዚያን ዕለት እንዝርት አልነካሁም። ጥጡን በጣቴ እየፈለቀቅሁ፣ ቆሻሻውን እየለቀምኩ፣ እፍ ሲሉት እስኪርገበገብ ድረስ ሳባዝት ዋልኩ። በሚቀጥለው እሑድ በዚያው እጅ፣ በዚያው እንዝርት፣ ክሩ ሳይበጠስ ክንድ አልፎ ሄደ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ የፋርማሲ ጥጥ ለመለማመጃ መግዛት። ንጹሕና ነጭ ስለሆነ ያታልላል። ያ ጥጥ ግን ውኃና ደም እንዲመጥጥ ሲባል በተፈጥሮ ያለበት ሰም ታጥቦ የወጣለት ነው። ሰሙ ከሌለ ጭረቶቹ፣ ማለትም የጥጡ ቀጫጭን ጸጉሮች፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ እንደ ልብ አይሳቡም።

ሁለተኛው፣ ሳያውቁት የማሾሪያውን አቅጣጫ መቀየር ነው። እንዝርቱን ጭናችን ላይ በመዳፍ ስናሾረው ወይ ወደ ጉልበት እንገፋለን፣ ወይ ወደ ራሳችን እንስባለን። የትኛውም ይሁን፣ የጀመሩበትን መያዝ ነው። እጅ ሲደክም ወይም ወሬ ሲደምቅ መዳፋችን ወደ ተቃራኒው ይሄዳል፤ ያኔ የከረረው ክር ይፈታል። ክሩ «በራሱ ጊዜ ሟሟ» ብሎ የሚያማርር ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን በመጀመሪያ የማየው መዳፉን ነው።

ሦስተኛው፣ በመጀመሪያው ወር ቀጭን ካልፈተልኩ ማለት። ቀጭን ፈታይ መባል ትልቅ ሙያ ነው፣ ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን አንዲት የጥጥ ጭረት ብዙውን ጊዜ ከ3 ሳንቲ ሜትር አትበልጥም። ጭረቶቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው ክረቱ ብቻ ነው። ክረቱ ሳይደርስ ፈጥነው ከሳቡ ጭረት ከጭረት ይንሸራተትና ክሩ ይለያያል። ሲበጠስ ጫፉን ተመልከቱ፤ እንደ ጺም ለስልሶ የተበተነ ከሆነ ክረት አንሶታል። ክረት የበዛበት ደግሞ ገና ሳይበጠስ በየቦታው እየተጠማዘዘ ቋጠሮ ያበጃል። እኛ ዘንድ የተለመደ ቀላል መፈተኛ አለ፦ አንድ ስንዝር ያህል ክር አጥፎ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ መያዝና መካከሉን መልቀቅ። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ አልከረረም፤ በዝግታ እርስ በርሱ ከተጠመጠመ ደህና ነው፤ ተወርውሮ ከተጠማዘዘ አብዝታችኋል።

የተበጠሰን ክር መቋጠርም ስህተት ነው። ቋጠሮው ልቃቂቱ ላይ አይታይም፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ሲያሳልፍ ግን ጥበቡ ላይ ብቅ ይላል። የተበጠሰውን ጫፍ ጣት በሚያህል ርዝመት ፍቱት፣ አሳሱት፣ ከአመልማሎው ጫፍ ጋር አስተኙትና እንዝርቱን አሹሩት። ክረቱ ራሱ ያጋባቸዋል።

ድር፣ ማለትም በሸማው ርዝመት የሚዘረጋውን ክር፣ ለመፍተል መነሣትም ለጀማሪ አይሆንም። ድር ተወጥሮ የሚመታ ነው፣ ጉልበት ይፈልጋል፤ ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር ያደርገዋል። ባሕር ዳር ራሷ በ1950ዎቹ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። የእኛ እጅ የሚፈለገው ለማጉ፣ ድሩን አቋርጦ ለሚገባው ክር ነው። ወፈር ያለው ማግ ለጋቢ ይሆናል፤ ጋቢ አራት እጅ ስለሚደረብ ትንሽ ጉብጥብጡን ይሸሽጋል። ለነጠላ የሚሆነው ቀስ ብሎ ይመጣል።

የጣና ዳርቻን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ሐይቁ ዳር የዛፍ ጥላ ፈልጎ መፍተል ያምራል ብለን ሞክረነዋል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ባዘቶውን በትኖ አስነሣን። በደረቁ የበጋ ወራት ደግሞ ክር ይሰባበራል፤ ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራልና። እኛ ያኔ ጠዋት በማለዳ እንፈትላለን።

ፈትል የሴት ሥራ ብቻ ነው ብሎ ከበር መመለስም አለ። ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ለወራት ቡና ጠጥተው ብቻ ይሄዱ ነበር፤ ልባቸው እንዝርቱ ላይ እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከዚህ ብዙ በማይርቀው፣ ፎገራ ወረዳ በሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ ወንዶች ይፈትላሉ፣ ሴቶች ይሸምናሉ። አሁን ጋሼ ከእኛ ሁሉ የተስተካከለ ክር የሚያወጡ ሆነዋል።

የመጨረሻው ለእኔ ከባዱ ነበር፤ የተበላሸውን መደበቅ። ጥሩ ጥሩውን ይዤ እሄዳለሁ፣ መጥፎውን ቤት እተዋለሁ። ጥሩውን ያየ ሰው «ጎበዝ» ከማለት በቀር ምን ይረዳኛል? አንድ እሑድ የሚያሳፍረኝን ልቃቂት ይዤ ሄድኩ። ከሁለቱ እናቶች አንዷ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዳር ዳሩን እየተረተሩ፣ ክሩን በጣታቸው መካከል እያሳለፉ ወደ ውስጥ ገቡ። ብዙ ከተረተሩ በኋላ ቆሙ። «እዚህ ላይ ጥጥ ቀይረሻል» አሉ። እውነት ነው፤ ሌላ ጥጥ የገዛሁት ያን ሳምንት ነበር። ክሩ መበጠስ የጀመረው ግን እጃቸው ከቆመበት ቦታ ሁለት ክንድ ያህል አልፎ ነበር።