የተራራው ቀን ሲቀዘቅዝ፦ የብስክሌት ውድድር መስመር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በካርታ ላይ ሲታይ የሚያስፈራ የተራራ ቀን፣ ውድድሩ በሚካሄድበት ዕለት አራት ሰዓት ተኩል የፈጀ ጸጥ ያለ ጉዞና የአሥር ደቂቃ ፉክክር ሆኖ ሲያበቃ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በብስክሌተኞቹ ላይ ይላከካል። እኔ ግን በቅድሚያ መመርመር ያለበት መስመሩ ነው ባይ ነኝ። ለአጠቃላይ ድል፣ ማለትም የሁሉም ቀኖች ሰዓት ተደምሮ ለሚገኘው ድል የሚፎካከር ብስክሌተኛ ከሩቅ አፈትልኮ የሚወጣው እግሩ ስለቻለ ብቻ አይደለም፤ ቢጠብቅ እንደሚጎዳ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት ችግሮች የሚመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ መስመር ላይ መጠበቅ ማንን ይጎዳል? ምሳሌዎቹ ለሦስት ሳምንታት ከሚዘልቁት የፈረንሳይ፣ የጣሊያንና የስፔን ውድድሮች፣ ከቱር ደ ፍራንስ፣ ከጂሮ ዲታሊያና ከቩኤልታ ኤስፓኛ የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ተፎካካሪዎቹ እስከ መጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር ተያይዘው ይመጣሉ

ይህ ከሁሉም የተለመደው ምልክት ነው። በዕለቱ አራት ዳገቶች ቢኖሩም ሦስቱ ለማለፍ ያህል ብቻ ይታለፋሉ፤ ዋናዎቹ ሰዎች በአጋዦቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው የመጨረሻውን ይጠብቃሉ።

መንስኤው እንግዳ ቢመስልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ዳገት ከልክ በላይ ከባድ መሆኑ ነው። በስፔን የሚገኘው አንግሊሩ 12.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በአንዳንድ ቦታዎችም ከ23 በመቶ በላይ ያዘነብላል። በጣሊያን ዞንኮላን ከኦቫሮ በኩል ሲወጣ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ አማካይ ዳገቱ ወደ 12 በመቶ ይጠጋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከፊቱ የሚጠብቀው ብስክሌተኛ፣ ቀደም ባለው ዳገት ላይ ያባከናት ጉልበት በኋላ በደቂቃዎች እንደምታስከፍለው ያውቃልና ንቅንቅ አይልም። ከባዱ ዳገት የራሱን ድራማ ይፈጥራል፤ ነገር ግን የቀሩትን ዳገቶች ሁሉ ይገድላቸዋል።

መፍትሄው ከባዱን ዳገት ከመጨረሻው በፊት ማስቀመጥና መጨረሻውን ማለዘብ ነው። በ1994 በጂሮ ከሜራኖ ወደ አፕሪካ የተዘረጋው መስመር ስቴልቪዮን ካለፈ በኋላ ሞርቲሮሎን ያስወጣ ነበር፤ ሞርቲሮሎ ከማዞ በኩል ወደ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ አማካይ ዳገቱ ከ10 በመቶ ይበልጣል። ማርኮ ፓንታኒ ጥቃቱን የከፈተው በዚያ ሲሆን፣ ከቁልቁለቱ በኋላ የደረሰበትን ሚጌል ኢንዱራይንን ደግሞ በሳንታ ክሪስቲና ዳገት ላይ ጥሎት ሄደ። ፍልሚያው በሁለት ዳገቶችና በመካከላቸው ባለው ቁልቁለት ላይ ተዘረጋ ማለት ነው።

ከዚህም የሚልቅ ትምህርት የሚሰጠው የ2012ቱ ቩኤልታ ነው። ወደ ፉዌንቴ ዴ የሚወስደው የመጨረሻ ዳገት አማካዩ 4 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ከዚያ ቀን ብዙ የጠበቀ ሰው አልነበረም። አልቤርቶ ኮንታዶር በከባዶቹ ዳገቶች ላይ ሆአኪን ሮድሪጌዝን መጣል አቅቶት ነበርና፣ ማንም ባላሰበበት ቦታ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ተነሣ፤ የቩኤልታ መሪ የሚለብሰውን ቀይ ማሊያም ከሮድሪጌዝ ትከሻ ላይ ገፈፈው። ለስላሳው መጨረሻ ጥቃቱን ያገዘው በሁለት መንገድ ነው፦ አጥቂው ባለቀ እግሩ በግድግዳ ላይ እንዳይቆም አደረገው፤ ጠባቂው ደግሞ የሚያስመልስበት ዳገት እንዳይኖረው አደረገ።

በዚህ ደንብ ላይ አንድ ማስተካከያ መጨመር ግድ ነው። በ2022 በቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻው ዳገት ግራኖን 11.3 ኪሎ ሜትር ሆኖ አማካዩ 9.2 በመቶ ነበር፤ ያም ሆኖ ጦርነቱ የተጀመረው ቀደም ብሎ በጋሊቢየ በኩል ነው። ሁለት መሪዎችን የያዘው የዮናስ ቪንጌጎር ቡድን ታዴ ፖጋቻርን በተደጋጋሚ እያጠቃ ብቻውን ካስቀረው በኋላ፣ በግራኖን ላይ ወደ 3 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ወሰደበት። ስለዚህ መጨረሻው ከባድ መሆኑ የግድ ከሆነ፣ ከእርሱ በፊት ያለው ዳገት አጋዦችን የሚያራግፍ ረጅምና ከፍተኛ ይሁን።

ተነጥሎ የወጣው ሰው በሸለቆ ውስጥ ይያዛል

አንዱ ደፍሮ ይወጣል፤ የተራራውን አናት በአንድ ደቂቃ ብልጫ ያልፋል፤ ከዚያ በሜዳው ላይ ሲለፋ ቆይቶ ይያዛል። ይህ ሁለት ጊዜ ከተደገመ በሦስተኛው ማንም አይሞክርም። መንስኤው ከቁልቁለቱ ግርጌ እስከ ቀጣዩ ዳገት ወይም እስከ መጨረሻው መስመር ያለው ሜዳ መርዘሙ ነው። በ2009 ቱር ደ ፍራንስ ቱርማሌ የሚያህል ተራራ ወደ ታርብ ከሚገባው መጨረሻ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ተቀመጠ፤ ታላላቆቹም ተራራውን እንደ ተራ ኮረብታ አብረው አለፉት። እንዲህ ያለውን መስመር ማንም ቢጋልበው ውጤቱ ያው ነው።

እንደ እኔ ግምት ሜዳው ከ10 ኪሎ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ርቀቱን ማሳጠር ካልተቻለ ደግሞ ጠባብና ጠመዝማዛ የሆነውን የጎን መንገድ መምረጥ ይጠቅማል፤ በሰፊ አስፋልት ላይ የሚያሳድድ ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል። ነፋሱንም መዘንጋት አይገባም። በተራራማ ሸለቆዎች ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ሸለቆው ራስ መንፈስ ያዘወትራል። ስለዚህ ሸለቆውን ወደ ታች የሚከተል መስመር አጥቂውን ፊት ለፊት ያስመታዋል፤ ያው መስመር ተገልብጦ ቢነደፍ ነፋሱ ከኋላ ይገፋው ነበር።

ሌላው መፍትሄ የሚገኘው፣ ብዙ ነዳፊዎች በማይመለከቱት በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው። ጅማሬው ወጣ ገባ ከሆነ፣ በማለዳ ተነጥለው የሚሄዱት ሰዎች ብርቱ አጋዦች ይሆናሉ፤ መሪያቸው ከኋላ ሲያጠቃ በሸለቆው ውስጥ ቆመው ይጠብቁታል። በ2025 ጂሮ ሳይመን ዬትስ በኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ ላይ ኢሳክ ዴል ቶሮንና ሪቻርድ ካራፓዝን ጥሎ ሲሄድ፣ ከፊት የነበረው የቡድን አጋሩ ዎውት ቫን ኤርት ከቁልቁለቱ በኋላ ተቀብሎ ጎተተው፤ ሁለቱ አሳዳጆች ግን እርስ በርስ ሲተያዩ የጂሮ መሪ የሚለብሰው ሮዝ ማሊያ አመለጣቸው። ይኸው ዬትስ በ2018 በዚያው ተራራ ላይ ማሊያውን እንዳጣ ለሚያስታውስ ሰው፣ ቀኑ ሌላም ጣዕም ነበረው።

የአንድ ቡድን ባቡር ሁሉንም ያፍናል

አምስት አጋዦች ተሰልፈው ፍጥነቱን ከፍ አድርገው ይይዛሉ፤ ማንም ከኋላቸው ንቅንቅ ማለት አይችልም። መንስኤው የነፋስ መከለያ ነው። በ5 በመቶ ዳገት ላይ እነዚህ ሰዎች በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዙ፣ ከፊት ባለው ሰው መከለል ገና ትልቅ ጥቅም አለው። በ10 በመቶ ላይ ግን ፍጥነቱ ከ20 በታች ስለሚወርድ ጥቅሙ ይሳሳል፤ እያንዳንዱም ከራሱ ክብደት ጋር ብቻውን ይቀራል።

እንግዲህ ሰፊና እኩል የሚያዘነብል የቱሪስት መንገድ ለባቡሩ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በአንጻሩ አንዴ 6፣ አንዴ 13 በመቶ እየሆነ የሚለዋወጥ ጠባብ መንገድ ባቡሩን ይቆራርጠዋል። ኮረኮንችም ይረዳል፦ የፊኔስትሬ 18.5 ኪሎ ሜትር ዳገት አማካዩ ከ9 በመቶ ሲበልጥ፣ የመጨረሻው ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት የለውም። በ2018 ክሪስ ፍሩም ከመጨረሻው 80 ኪሎ ሜትር ርቆ ብቻውን የወጣው በዚያ ላይ ነው፤ ቶም ዱሙላን የነበረበት አሳዳጅ ቡድንም በቁልቁለቱ ላይ ተዘናግቶ ብዙ ጊዜ አባከነ።

ቀኑን ማሳጠርም አንድ መንገድ ነው። በ2016 ቩኤልታ ወደ ፎርሚጋል ያመራው ቀን 118.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ኮንታዶርና ናይሮ ኪንታና ከጅምሩ ወጥተው ፍሩምን ከአጋዦቹ ለዩት፤ ፍሩምም ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ተቀጣ። ሆኖም ከ90 በላይ ብስክሌተኞች ከተፈቀደው ሰዓት ውጭ ስለገቡ ዳኞቹ ይቅርታ ለማድረግ ተገደዱ። አጭር ቀን የሚነድፍ ሰው የሰዓት ገደቡንም አብሮ ማስላት አለበት።

የቀኑ ማጠር ብቻውን ግን መድኃኒት አይደለም። በ2018 ቱር ደ ፍራንስ 65 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ የተራራ ቀን ተዘጋጅቶ፣ ብስክሌተኞቹ እንደ መኪና ውድድር በደረጃቸው ተሰልፈው ተነሡ። ሰልፉ ወዲያው ፈረሰ፤ ወሳኙ ፍልሚያም ለ16 ኪሎ ሜትሩ የፖርቴ ዳገት ተላለፈ።

መስመሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ቀኑ ይመክናል

ይህ የሚሆነው ተራራው በቀን መቁጠሪያው ላይ ያለቦታው ሲቀመጥ ነው። በ2009 ቱር ደ ፍራንስ ሞን ቫንቱ የተባለው ተራራ፣ ውድድሩ በፓሪስ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባለው ዕለት እንዲወጣ ተደረገ፤ በዚያን ጊዜ ኮንታዶር ከአራት ደቂቃ በላይ ይመራ ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ቅደም ተከተል ሳይለወጥ ቀረ። የ2011ዱ አቀማመጥ ከዚህ ይሻላል። ከመጨረሻዎቹ የአልፕስ ቀኖች በኋላ በግሬኖብል የ42.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ (እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ውድድር) ይጠብቅ ነበር፤ በክሮኖ ደካማ የነበረው አንዲ ሽሌክ ከካዴል ኢቫንስ አስቀድሞ ጊዜ መውሰድ ስለነበረበት፣ ኢዞአር ላይ 60 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ወጣና በጋሊቢየ አናት አሸነፈ። ኢቫንስ በክሮኖው አስመልሶ ቱሩን ወሰደ። ክሮኖ ለተመልካች ደረቅ ነው የሚሉ ሰዎች፣ ዳገት ወጪዎችን ከመቀመጫቸው የሚያስነሣው እርሱ መሆኑን ቢያስቡበት መልካም ነው።

አየሩ መስመሩን ይበላዋል

ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ መንገድ በግንቦት ወር በረዶ ቢወርድበት ሊያስገርም አይገባም። በ2013 ጂሮ ጋቪያንና ስቴልቪዮን የሚያቋርጠው ቀን በበረዶ ምክንያት ጨርሶ ተሰረዘ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው፣ ዝቅ ያለ ተለዋጭ መንገድ ከዋናው ጋር አብሮ መነደፍ፣ ከአካባቢው ባለሥልጣናት ጋርም በዚያው ጊዜ መፈቀድ አለበት። በ2019 ቱር በሐምሌ ወር ሳይቀር በረዶና የጭቃ ናዳ የቫል ዲዜርን መንገድ ሲዘጋ፣ ጊዜው የተወሰደው በ2,770 ሜትር ላይ ባለው በኢዘራን አናት ነበር፤ ኢጋን ቤርናል ቀድሞ አልፎት ስለነበር የቱሩን መሪ ቢጫ ማሊያ ለበሰ። ስለዚህ በእያንዳንዱ አናት ላይ ሰዓት የሚይዝ መሣሪያና ዳኛ ቢቀመጥ፣ ውድድሩ የትም ቢቋረጥ ውጤት ይኖረዋል።