ለመስኮት ጨርቅ ማለስለሻ አትጠቀሙ
መስታወት ወልውላችሁ ስትጨርሱ፣ ፀሐይ ስታርፍበት ደመና መሳይ ነገር ከታየ፣ ሳሙናውን ከመቀየራችሁ በፊት ጨርቁን ተጠራጠሩ። ለጠርዙና ለመጨረሻው ማድረቂያ ፀጉሩ አጭር የሆነ ማይክሮፋይበር (በጣም ከቀጫጭን ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ጨርቅ) ምረጡ። አዲስ ፎጣ ይቅርባችሁ፤ ብናኝ ይለቃል።

ትልቁ ነገር ግን የጨርቁ አጠባ ነው። የልብስ ማለስለሻ በፍጹም አትጨምሩ! ክሩን በቅባት ይሸፍነዋል። ከዚያ ውሃ መምጠጡ ይቀርና ቅባቱን መልሶ መስታወቱ ላይ ይለቀልቀዋል። በረኪናም ክሩን ይጎዳል። ከጥጥ ልብስ ለይታችሁ፣ በ40 ዲግሪ፣ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡትና ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ጥላ ውስጥ አስጡት፤ ካውያ አይንካው።

እኔ የመስኮቱን ደፍ የምጠርግበትን ጨርቅ በቀለም ለይቼ ነው የማስቀምጠው። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ብቻ መስታወት ይጭራል።