ቡችላን ውጭ መጸዳዳት ስናስለምድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሁሉም በፊት የቡችላውን አፍንጫ ሽንቱ ላይ መድፈቅ ይቅር። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ከሥራ ገብተው ምንጣፉን ረጥቦ ሲያገኙት ቢናደዱ አይፈረድብዎትም። ቡችላው ግን የሸናው ከሁለት ሰዓት በፊት ነው፤ አሁን የሚወርድበትን ቁጣ ከዚያ ጋር አያገናኘውም። ጆሮውን ጥሎ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ወትፎ ሲሸማቀቅ «ጥፋቱን አውቋል» እንላለን። የፈራው ግን ፊታችንንና ድምፃችንን ነው። እንዲህ የተቀጣ ቡችላ የሚማረው ሰው እያየው አለመሽናትን ነው። ከዚያ ወዲያ ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ ይሸናል፤ ውጭ ወስደው አጠገቡ ሲቆሙም እምቢ ይላል። ሲሸና ከደረሱበት ሳይጮሁ አቅፈው ያውጡትና እዚያ ይጨርስ።

ሌላው ከአቅሙ በላይ እንዲይዝ መጠበቅ ነው። ዕድሜውን በወር ቆጥረው አንድ ቢጨምሩበት፣ ቀን ላይ ቢበዛ ስንት ሰዓት መያዝ እንደሚችል በግምት ያገኛሉ፤ ለ2 ወር ቡችላ 3 ሰዓት ማለት ነው። ይህም ዝም ብሎ ሲተኛ ነው እንጂ ነቅቶ ሲሯሯጥ በየ30 ደቂቃው ሊሸና ይችላል። ስለዚህ ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ ከበላ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ከጨዋታ በኋላና ማታ ከመተኛቱ በፊት ያውጡት። ጨዋታውን ድንገት ትቶ ወለሉን እያሸተተ መዞር ከጀመረ የቀረዎት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

ምግቡን ቀኑን ሙሉ ሳህን ላይ አይተዉለት። የሚበላበት ሰዓት ካልታወቀ የሚወጣበትም አይታወቅም። ውሃ ግን አይከልክሉት።

ሽልማት የሚሰጡትም ብዙዎች ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ቡችላው ያኔ የተሸለመው በር ስለገባ ይመስለዋል። ቁራሹን ኪስዎ ይዘው ይውጡ፤ ሸንቶ እንደጨረሰ እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት ይስጡት። ከዚያም ትንሽ ያጫውቱት። በሸና ቁጥር ወዲያው የሚመለስ ከሆነ፣ መሽናት የውጭውን ደስታ እንደሚያቋርጥበት ይማርና ማዘግየት ይጀምራል።

የሸናበትን ቦታ አሞኒያ ባለው ማጽጃ መወልወልም አይጠቅምም። ሽንትም አሞኒያ አሞኒያ ስለሚሸት ቦታውን እንደገና ይመርጠዋል። ለእኛ የጠፋ ሽታ ለእሱ አልጠፋም። የሽንቱን ቅሪት የሚያፈራርስ፣ ኢንዛይም ያለበት የቤት እንስሳት ማጽጃ ይጠቀሙ።

ገና ሳይለምድ ቤቱን ሁሉ መልቀቅም አደጋ አለው። እርስዎ ባሉበት ክፍል ይሁን፤ ዓይንዎን ማንሳት ካለብዎ በማሰሪያው ከወገብዎ ጋር ያያይዙት።

ለሳምንታት ለምዶ የቆየ ቡችላ በድንገት ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረ «እልኸኛ ሆነ» ብለው አይደምድሙ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ቶሎ ቶሎ ጠብ ጠብ እያደረገ ከሸና፣ ሲሸና ካቃሰተ ወይም ሽንቱ ላይ ደም ካዩ፣ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።