ፋይል የሚደብቀውን የፍላሽ ቫይረስ እንዴት እናጽዳ? ሌሎቹንስ በሮች በምን እንዝጋ?

የሳይበር ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሩቅ አገር ተቀምጦ ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ ሰው ነው። እንዲህ ያለውም አለ። ድሬዳዋ ውስጥ ያለ ሱቅ ወይም ቢሮ ግን አስቀድሞ መዝጋት ያለበት በገዛ እጁ የሚከፍታቸውን በሮች ነው። ከዚራ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የወጣ ፍላሽ አንዱ ነው፤ በስልክ የተነገረ ኮድ፣ ሳይጣራ የታመነ የክፍያ መልእክትና ለዓመታት ያልታደሰ ዊንዶውስም አሉ። በጣም የሚያደክመው የመጀመሪያው ስለሆነ ከእሱ እንነሳ።

ፍላሹን ስትከፍቱ የፎልደሮቹ ስም እንደነበረ ሆኖ፣ ከአይኮናቸው በታች በስተግራ ትንሽ ጥምዝ ቀስት ካለ የምታዩት ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ ነው። መጠኑ 1 ወይም 2 ኪሎባይት ይላል፤ የፍላሹ ፕሮፐርቲስ ግን 5 ጊጋ መያዙን ይናገራል። ፋይላችሁ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በቦታው ሾርትከት አስቀምጧል። እሱን ስትጫኑ መጀመሪያ የቫይረሱን ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ያስነሳል፣ ቀጥሎ ምንም እንዳልሆነ ፎልደራችሁን ይከፍትላችኋል። ሰው ለወራት ሳያውቅ ቫይረሱን ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። «ኮምፒውተሬ ኢንተርኔት የለውም» ማለትም አያድንም፤ በ2002 ዓ.ም. የተደረሰበትና የኢራንን የኒውክሌር ማዕከል ያጠቃው ስቱክስኔት ራሱ በፍላሽ የሚዛመት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንዱ ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ነው፤ ቫይረሱ ያላጠፋውን ፋይል ባለቤቱ ራሱ ያጠፋዋል። ሌላው ፍላሹን አጽድቶ ኮምፒውተሩን መተው ነው፤ የተያዘ ኮምፒውተር ንጹሕ ፍላሽ ሲሰካበት ወዲያው መልሶ ይበክለዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይቅደም፣ ፍላሹ ይከተል።

ፍላሹን ንቀሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። «ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» የሚል ነገር ምንም ሳትከፍቱ ያለማቋረጥ እየሠራ ከሆነ «ኤንድ ታስክ» በሉት። «ስታርትአፕ» የሚለው ውስጥም ካለ «ዲሴብል» አድርጉት፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ ከስካን አማራጮቹ ኦፍላይን የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ቫይረሱ ሊደበቅ የሚችልበት ፋታ አያገኝም። 15 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ የጀመራችሁትን ሥራ ሴቭ አድርጉ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ላይ ይሁን።

አሁን ፍላሹን ሰኩ፤ ሾርትከቶቹን ግን አትንኩ። በፋይል ኤክስፕሎረር ቪው ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን አብሩ። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ምንም ስላልታየው ተስፋ ይቆርጣል። ቫይረሱ ፎልደሩን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቀው ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሳት አለባችሁ። ዊንዶውስ ያስጠነቅቃል፤ «የስ» በሉት። ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ብቅ ይላሉ። አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚከት ባዶ ስሙን አይታችሁ አትለፉት።

ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ፎልደር ፍጠሩ። ደብዛዛውን ፎልደር እንዳለ አትቅዱት፤ ድብቅነቱ አብሮ ይመጣል። ከፍታችሁ የውስጡን ብቻ ቅዱ። ከዚያ በፊት ቪው ላይ «ዲቴይልስ» አድርጉና «ታይፕ» የሚለውን አምድ ተመልከቱ። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፒዲኤፍና ፎቶ ይቀዳል፤ ሾርትከት፣ ስክሪፕት ወይም አፕሊኬሽን የሚለው እዚያው ይቅር። የተቀዱትን ጥቂቶቹን ከፍታችሁ መሥራታቸውን ሳታረጋግጡ ፎርማት አታድርጉ። ካረጋገጣችሁ በኋላ ክዊክ ፎርማት ይበቃል፤ ፋይሉን መልሱ፣ ያነሳችሁትንም ምልክት መልሱ።

«ሾርትከት ሪሙቨር» እየተባሉ በነጻ የሚወርዱትን ፕሮግራሞች አንመክርም። ብዙዎቹ የተደበቀውን ከማሳየት ያለፈ ሥራ የላቸውም፣ አንዳንዶቹ ሌላ ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ። «ፀረ ቫይረሱን አጥፍታችሁ ጫኑኝ» የሚል ክራክም (የሚሸጥ ፕሮግራምን ያለ ክፍያ የሚያስከፍት) ከዚያው ወገን ነው።

ለኅትመት የሚወጣ ፍላሽ ለብቻው ይሁን፤ የሚታተመው አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ይኑርበት፣ ሲመለስ ሳይከፈት ፎርማት ይደረግ። በቴሌግራም መላክ ይሻላል፤ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ አካውንት ላኩላቸው እንጂ በእነሱ ኮምፒውተር የራሳችሁን ቴሌግራም አትክፈቱ።

የቴሌግራም ነገር ከተነሳ፣ ዘረፋው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምታውቁት ሰው በመጣ «ለውድድር ምረጡኝ» በሚል ሊንክ ነው። ላኪው ራሱ ቀድሞ ተዘርፏል። ሊንኩ ቁጥራችሁን፣ ቀጥሎ የመግቢያ ኮዱን ይጠይቃል። ኮዱን ከሰጣችሁ አፑን አታጥፉ፣ ከአካውንቱም አትውጡ። አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ ታስወጡታላችሁ። ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ»። ወዲያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ላይ የይለፍ ቃል አስገቡ፣ ኢሜይልም መዝግቡ፤ ያለ ኢሜይል የይለፍ ቃሉን ብትረሱ ለመቀየር 7 ቀን ትጠብቃላችሁ።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ለምትሸጡ፦ ደንበኛው የሚያሳያችሁ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ በ09 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ «ገንዘብ ገብቶልዎታል» ሐሰት ነው። ዕቃውን ከማስረከባችሁ በፊት የራሳችሁን አፕ ከፍታችሁ ገቢውን እዩ፣ ወረፋው ቢበዛም።

ዊንዶውስን ማደስ የሚቀረው ዳታ ይበላል እየተባለ ነው። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያዳርስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማደሻ ካወጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። በሌሊት ጥቅል አድሱት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ አቅሙ ያለው ኮምፒውተር ወደ 11 ይሻገር።

የሱቁን ሒሳብ በሳምንት አንድ ቀን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡና ንቀሉት። ተሰክቶ የዋለ ዲስክ መጠባበቂያ አይሆንም፤ እንደ ዋናክራይ ያለው ቫይረስ ኮምፒውተሩን ሲቆልፍ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። በወር አንዴ ከዲስኩ ላይ አንድ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ሞክሩ።